የመልቀቂያ ፈተናና የተማሪው ጭንቀት፦ በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የታየ ታሪክ

ስለ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጭንቀት በሚነሣበት ጊዜ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ በወጣቱ ባሕርይ ላይ ይደፈደፋል። ልቡ ሳሳ፣ ችግር መቋቋም አልለመደም ይባላል። በመምህራንም ሆነ በወላጆች ስብሰባ የሚሰነዘረው ምክር በጊዜ መተኛትን፣ ጥናትን በዕቅድ መምራትንና ራስን ማረጋጋትን የሚመለከት ነው። ይህ ምክር መልካም ነው፤ ነገር ግን ጭንቀቱ ከየት እንደ መጣ አይነግረንም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የአገራችን ተማሪ የሚሸከመው ጭንቀት የራሱ የሆነ ታሪክ ያለው መሆኑን፣ ይህም ታሪክ በአመዛኙ የአንድ በር፣ ማለትም የመልቀቂያው ፈተና፣ የመስፋትና የመጥበብ ታሪክ መሆኑን ማሳየት ነው። ለማሳያነት የመረጥነው አዳማንና ከሞጆ ተገንጥሎ ወደ ደቡብ በሚወርደው መንገድ ላይ ያሉትን መቂን፣ ዝዋይን (ባቱን)፣ አርሲ ነገሌንና ሻሸመኔን ነው።

በተወሰነ ቀን በአንድነት ተቀምጦ መፈተን ለአገራችን ትምህርት እንግዳ ነገር ነበር። በአብነት ትምህርት ቤት ያለ ልጅ ከንባብ ወደ ዜማ፣ ከዜማ ወደ ቅኔ የሚሸጋገረው የኔታ ፊት ቀርቦ ያለፈውን ማወቁን ሲያረጋግጥ ነው። አንዱ በሁለት ዓመት የሚጨርሰውን ሌላው በአምስት ዓመት ቢጨርሰው የሚያሳፍር አልነበረም። በአርሲና በባሌ በኩል ሉሑን ይዞ የሚቀራው ደረሳም እንዲሁ ያለፈውን ሳያጸና ወደሚቀጥለው አይሻገርም። እርግጥ ነው፣ የቆሎ ተማሪ ረኀቡ፣ እርዛቱና የመንደሩ ውሻ ያስጨንቁት ነበር፤ የዕድሜ ልክ ዕድሉ በሦስትና በአራት ቀን ውስጥ ይወሰናል የሚል ሥጋት ግን አልነበረበትም።

ይህን ሥጋት ያመጣው ዘመናዊው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ነው። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1935 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በኮተቤ ሲከፈት፣ ጥቂት ዓመታት ቆይቶም የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ሲከተል፣ ተማሪዎቹ የሚፈተኑት ከለንደን በሚላክ ጥያቄ ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ለራሱ የሚበጀውን ተማሪ መምረጥ ስላስፈለገው፣ ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ማትሪክ» እያለ የሚጠራው የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች መልቀቂያ ፈተና በዚያው በ1940ዎቹ ተቋቋመ። በመሆኑም ፈተናው ከመነሻው ሁለት ተግባር ተጭኖበት ተወለደ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት መጨረስን ይመሰክራል፤ ከጨረሱት መካከል ደግሞ ለከፍተኛ ትምህርት የሚሆኑትን ይለያል። አንድ መሣሪያ መመስከሪያም ማጣሪያም ሲሆን የተመሰከረለት ብዙ፣ የተጣራው ግን ጥቂት ይሆናል። በመካከል የቀረው ወጣት «አጠናቀቀ» ሳይሆን «ወደቀ» ይባላል። የጭንቀቱን ሥር የምናገኘው እዚህ ላይ ነው።

ሆኖም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይህ ጉድለት ጎልቶ አልታየም። በዚያን ጊዜ ናዝሬት ትባል የነበረችው አዳማ የምድር ባቡር ከተማ ነበረች። በአቅራቢያዋ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ የቆቃ ግድብም በ1952 ዓ.ም. ተጠናቀቀ። ፋብሪካው ጸሐፊና መዝጋቢ፣ ኃይል ማመንጫው ባለሙያ፣ ባቡሩ ትኬት ቆራጭ፣ በየገጠሩ የሚከፈቱት ትምህርት ቤቶች ደግሞ መምህራን ይፈልጉ ነበር። ስለሆነም በከተማው የአፄ ገላውዴዎስ ትምህርት ቤት የሚማር ወጣት ማትሪኩ ባይቀናው እንኳ መግቢያ አያጣም ነበር። በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ ከ270 የሚበልጡ አሜሪካውያን የሰላም ጓድ መምህራን ወደ አገሪቱ ገብተው በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመደቡ። የተማሪው ቁጥር እንዲጨምር መንገድ ከከፈቱት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። (የእነርሱን የእንግሊዝኛ አነጋገር መልመድ ራሱን የቻለ ፈተና እንደ ነበር በዘመኑ የተማሩ ሰዎች እየሳቁ ያወሳሉ።)

በሩ መጥበብ የጀመረው ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ነው። የተማረው በዛ፤ ሥራው ግን በዚያው ልክ አልበዛም። ዩኒቨርሲቲው የሚቀበለው ቁጥርም ከተፈታኙ ጋር አብሮ አላደገም። የመግቢያው ነጥብ እንደየዓመቱ ቦታ ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ ባለፈው ዓመት ያስገባ ውጤት ዘንድሮ ከበር ይመልስ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተካሄደው የትምህርት ሴክተር ሪቪው ችግሩን በትክክል ተመልክቶት ነበር፤ ያቀረበው መፍትሔ ግን አብዛኛው ልጅ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ክፍሎች ተወስኖ እንዲቀር የሚያደርግ ነው ተብሎ በወላጆች ዘንድ ብርቱ ቁጣ ቀሰቀሰ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ሲያቆሙ ከተቃወሟቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ጥናት ነበር። በእኛ ግምት ያ ቁጣ ስለ ጭንቀት የሚያስተምረን ነገር አለ፤ ወላጅም ሆነ ተማሪ ጠባብ በርን ይታገሣል፣ የተዘጋ በርን ግን አይታገሥም።

ተማሪው ይህን ሁሉ እንዴት ተቋቋመው? በቅድሚያ አኗኗሩን ማየት ያስፈልጋል። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለረጅም ዘመን የከተማ ነገር ስለ ነበር፣ የገጠሩ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ ወደ አዳማ፣ ወደ ዝዋይ ወይም ወደ ሻሸመኔ መጥቶ ቤት መከራየት ግድ ይሆንበታል። ሦስትና አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይይዛሉ። ቅዳሜ ወደ አገር ቤት ወጥተው ዱቄት፣ ሽሮና በርበሬ ቋጥረው እሑድ ማታ ይመለሳሉ። ስንቁ ሐሙስ ላይ ካለቀ ዓርብ በባዶ ሆድ መማር ነው። በተራ ያበስላሉ፣ በአንድ መጽሐፍ በተራ ያነባሉ፤ ኩራዝ እንዳይቃጠል ወይም የአከራዩ መብራት ቆጣሪ እንዳይቆጥር ሲሉ ከመንገድ መብራት ሥር የሚያጠኑም ነበሩ። ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ፈተናው ለብዙ ዘመን የዋለው በግንቦትና በሰኔ ነው። ይህ ወቅት በገበሬው ቤት ጎተራው የሚጎድልበት፣ ክረምቱ ገብቶ እርሻው የሚጀመርበትና አባት የልጁን ጉልበት የሚፈልግበት ነው። ስለዚህ የገጠሩ ተፈታኝ አእምሮው በጥያቄ ወረቀቱ ላይ ሳለ ልቡ ከበሬው ጋር ነበር።

የሴት ተማሪ ሁኔታ ከዚህም የከፋ ነበር። ወላጆቿ ብቻዋን ቤት ተከራይታ እንድትቀመጥ ስለማይፈቅዱ ከዘመድ ቤት ትገባለች። እዚያም ውኃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራና ልጅ አስተኝታ የቀረችውን ሰዓት ለጥናት ታውላለች። ወንዶቹ በጋራ ጥናት የሚያገኙትን መጽናናት እርሷ በአብዛኛው አላገኘችውም። ስለ ተማሪ ጭንቀት በሚጻፈው ነገር ውስጥ እርሷ የምትነሣው ግን እምብዛም ነው።

ተማሪዎቹ በራሳቸው ጥበብ ካበጁት መቋቋሚያ ሁሉ የላቀው ያ የጋራ ጥናት ነው። አንዱ ሒሳቡን፣ ሌላው እንግሊዝኛውን ለጓደኞቹ ያስረዳል። ያስተማረው ሰው የበለጠ እንደሚያውቅ በኮሌጃችን ለሠልጣኞች በጽንሰ ሐሳብ የምንነግረውን እነርሱ በኪራይ ቤት ውስጥ በተግባር ደርሰውበታል። ሽምደዳ ሌላው መንገድ ነበር፤ ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎች ከእጅ ወደ እጅ እየተገለበጡ ይዞሩ ነበር። ዝቋላ አቦ የሚሳሉ አሉ፤ ዱዓ የሚያደርጉም አሉ። የሐረርጌው መንገድ በሚያልፍባት አዳማ ጫትም ለጥናት ይያዛል። ሌሊቱን ነቅቶ ያደረ ተማሪ ብዙ ያነበበ ይመስለዋል፤ ጧት ፈተናው ላይ የሚገኘው ግን እንቅልፍ ያጣ አካል ነው። አሜሪካውያኑ ሮበርት የርክስና ጆን ዶድሰን እ.ኤ.አ. በ1908 በአይጦች ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ ከበድ ያለ ነገር ለመማር መጠነኛ መነቃቃት እንደሚረዳና መጠኑን ሲያልፍ ግን እንደሚያውክ አመልክተዋል። መጠነኛ ሥጋት ለጥናት ይቀሰቅሳል እንጂ አይጎዳም። የእኛ ተማሪ ችግር የሥጋቱ መኖር ሳይሆን መጠኑ ነው።

መጠኑን ከልክ ያሳለፉት የአገሪቱ የታሪክ ክሥተቶች ናቸው። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከዩኒቨርሲቲው ተማሪዎችና ከመምህራን ጋር፣ በድምሩ ወደ 60 ሺህ የሚጠጋ ሰው፣ ወደ ገጠር ዘመተ። የቀይ ሽብር ዓመታት ተከተሉ፤ በነዚያ ዓመታት ተማሪ መሆን በራሱ የሚያስጠረጥር ነበር። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ ደግሞ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉትን ስለሚመለከት፣ በማትሪክ የወደቀ ወንድ ልጅ የሚያስበው ቤት መቀመጥን ሳይሆን አፈሳን ሆነ። አንዳንዱ በማታ ትምህርትና በግል ተፈታኝነት ፈተናውን ደጋግሞ ወሰደ፤ አንዳንዱ የመምህራን ማሠልጠኛን መጠጊያ አደረገ። የመምህርነት ሙያ ለረጅም ጊዜ ከማትሪክ ማዕበል የተረፉ ሰዎች ወደብ ሆኖ መቆየቱን ብንሸሽገው አይጠቅመንም።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመልቀቂያውን ፈተና በሁለት ከፈለው። አንዱ በ10ኛ፣ ሌላው በ12ኛ ክፍል ሆነ። በሩ ሁለት ስለሆነ ሸክሙ ይቀላል ተብሎ ሊታሰብ ይችላል፤ ነገር ግን ጭንቀቱ ሁለት ዓመት ቀድሞ ከ16 ዓመት ልጅ ላይ ወደቀ። በኦሮሚያ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ የተማረው ልጅ 9ኛ ክፍል ሲገባ ሁሉንም ትምህርት በእንግሊዝኛ መቀጠሉና ከዓመት በኋላ በዚያው ቋንቋ መፈተኑ ነገሩን አክብዶታል። በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማር መብትም ጥቅምም ነው። እንከኑ የሚገኘው መሸጋገሪያው ላይ ነው፤ ይህም የሥርዓተ ትምህርት ሰዎችን ሥራ በቀጥታ ይነካል። የ10ኛ ክፍሉ ፈተና ኋላ ቀርቷል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ብዙዎቻችን በዓይናችን ያየነው ነው። በ2008 ዓ.ም. በኦሮሚያ በተነሣው ተቃውሞ ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ለወራት ተዘግተው ሰነበቱ። ፈተናው እንዲራዘም የቀረበው ጥያቄ ሳይፈጸም ቀርቶ በግንቦት ወር መጨረሻ የእንግሊዝኛው ጥያቄ ሾልኮ ወጣ፤ ፈተናውም ተሰርዞ በሐምሌ እንደገና ሲሰጥ የማኅበራዊ መገናኛ መረቦች ለቀናት ተዘጉ። በዚህ መካከል ቤት ተከራይቶ ስንቁን ለግንቦት የቋጠረ የአርሲ ነገሌ ወይም የመቂ ልጅ ተጨማሪውን ወር በምን እንዳለፈ ማሰብ አያዳግትም። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ በወረርሽኙ ሳቢያ ትምህርት ቤቶች በመጋቢት ተዘጉ። በሰኔ ሻሸመኔና ዝዋይ ከባድ ጥፋት ደረሰባቸው፤ የዚያ ዓመት ተፈታኞች 12ኛ ክፍልን የተፈተኑት በየካቲት ወር መጨረሻ 2013 ዓ.ም. ነው። አንድ ወጣት አንድን ፈተና ለአንድ ዓመት ያህል ሲጠብቅ «በጊዜ ተኛ፣ በዕቅድ አጥና» የሚለው ምክር ምን ያህል ይረዳዋል?

ኩረጃን ለመግታት ሲባል የ2014ቱ ፈተና በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ተፈታኞችን ወደ ዩኒቨርሲቲዎች በማስገባት ተሰጠ። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፣ ማለትም 3.3 በመቶ ሆኑ። 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2015 ማለፊያ ያገኙት 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ናቸው። ኩረጃ መወገዱን የምንደግፈው ነው፤ ተማሪ በራሱ ሥራ መመዘኑ የታታሪውን ጭንቀት ያቀልለታልና። ነገር ግን አንድ ትምህርት ቤት በሙሉ ሲወድቅ የእያንዳንዱን ልጅ ስንፍና ምክንያት አድርጎ ማቅረብ ከሒሳብም ከፍትሕም ጋር አይስማማም። መጽሐፉ ደርሶት ነበርን? የፊዚክስ መምህር ነበረውን? እነዚህን ጥያቄዎች ለተማሪው ሳይሆን ለእኛ ማቅረብ ይገባል።

ለማለፊያው ነጥብ ቀረብ ላሉት የተከፈተው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት በታሪኩ ውስጥ አዲስ ነገር ነው። ወድቀሃል የተባለው ልጅ በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለወራት ተምሮ እንደገና እንዲመዘን ዕድል ይሰጠዋል። ተከታታይ ምዘና ግን በፖሊሲ ከታወቀ 30 ዓመት ቢያልፈውም ክብደቱ በክፍል ውስጥ እንደ ተወሰነ ነው። የሻሸመኔው መምህር በአራት ዓመት ውስጥ የሰበሰበው የክፍል ሥራ፣ የቤት ሥራና የተግባር ልምምድ ነጥብ በመዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው ግን አሁንም በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚጠቆረው የመልስ ወረቀት ነው።