በነጻ ከሚገኘውና በጥረት ከሚገኘው፦ ከአይጦች ቤተ ሙከራ እስከ ሕሙማን ክፍል

እንስሳ ያለ ድካም የሚያገኘውን ምግብ ትቶ የሚያደክመውን አይመርጥም የሚለው አስተሳሰብ በሥነ ባሕርይ ጥናት ዘንድ እንደ ሕግ ተቆጥሮ ኖሯል። ግሌን ጄንሰን እ.ኤ.አ. በ1963 ያሳተሙት የ200 አይጦች ሙከራ ይህን እምነት አናጋው። ለአይጦቹ በአንድ በኩል ምግብ በሳሕን ቀርቦላቸዋል፤ በሌላ በኩል ሲጫኑት ምግብ የሚለቅ ዘንግ ተዘጋጅቶላቸዋል። ሳሕኑ አጠገባቸው ሳለ ዘንጉን መጫን ቀጠሉ፤ ቀደም ሲል በመጫን ምግብ ያገኙበት ጊዜ በበዛ መጠን ወደ ዘንጉ ማድላታቸውም ጨመረ።

ነገሩ የልማድ ብቻ ይመስል ነበር። ይሁን እንጂ አለን ኒውሪንገር እ.ኤ.አ. በ1969 በሳይንስ መጽሔት እንዳስነበቡት፣ አስቀድመው እንዲራቡ ያልተደረጉ እርግቦችና አይጦችም ነጻ ምግብ እያለላቸው ለምግባቸው ይሠራሉ። ድመቶች ግን እ.ኤ.አ. በ1971ም ሆነ በ2021 በታተሙት ጥናቶች ነጻውን መርጠዋል፤ ድመት ያሳደገ ሰው በዚህ የሚደነቅ አይመስልም። ለጤና ባለሙያ ከሁሉ የሚልቀው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው፦ ረሃብ በበረታ ቁጥር ለሥራ የማድላቱ ዝንባሌ ይቀንሳል።

በዚያው ዘመን በጥረት የሚገኝ ሽልማት ወደ አእምሮ ሕክምና ገብቶ ነበር። ቴዎዶሮ አይሎንና ናታን አዝሪን በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት በሚገኘው የአና ሆስፒታል፣ ለረጅም ጊዜ ተኝተው ለቆዩ ሴቶች ዕቃ ሲያጥቡና መሰል ሥራ ሲሠሩ ቶከን ይሰጧቸው ነበር። ሴቶቹም በቶከኑ የመኝታ ክፍል ምርጫን፣ ከሠራተኞች ጋር የግል ውይይትንና የሱቅ ዕቃን ያገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ1965 እንደዘገቡት፣ ቶከኑ ያለ ሥራ ሲታደል ሥራው ቆመ። ከጄንሰን አይጦች ጋር የሚቃረን ይመስላል፤ ግን ሳሕን ማጠቡ የሚያስፈልገው ለሆስፒታሉ ነበር እንጂ ሕሙማኑ በራሳቸው ፈልገው የጀመሩት አልነበረም።

ዘዴው ሲስፋፋ በአንዳንድ ሆስፒታሎች አልጋና ምግብ ሳይቀሩ በቶከን የሚገዙ ሆኑ። አይጦቹ ያልተነፈጉት ሳሕን ከሕሙማኑ ተነሣ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 በአላባማ የፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኛ ፍራንክ ጆንሰን ዋያት እና ስቲክኒ በተባሉት ተከራካሪዎች ጉዳይ ባወጡት መመሪያ ምቹ አልጋ፣ የተመጣጠነ ምግብና ጎብኚን መቀበል የሕሙማን መብት መሆናቸውን ደነገጉ። ለሆስፒታሉ አገልግሎት የሚውል ሥራም በፈቃደኝነት ብቻ፣ በሕግ ከተወሰነው ዝቅተኛ ደመወዝ ባላነሰ ክፍያ እንዲሠራ አዘዙ።