አራት ነጠላ

ሠላሳ ዓመት ድሬሰር ነበርኩ፤ ግማሹን በጦር ሠራዊት፣ ግማሹን በወረዳ ጤና ጣቢያ። ቁስል ማሰር ያስተማረችኝ ግን አያቴ ናት። ጣሊያን ሲገባ ደሴ አጠገብ ኮረዳ ነበረች። ነጠላዋን ክሩን ተከትላ በቀጭኑ ትቀድዳለች፣ በጨው ውኃ ትቀቅላለች፣ አጥር ላይ ሳይሆን ከጭሱ በላይ ታሰጣለች። «አጥር ላይ ዝንብ አለ» ትለኝ ነበር።

ያኔ ሠራዊታችን ይህ ነው የሚባል የሕክምና ክፍል አልነበረውም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ሦስት ወር ሳይሞላው ጦርነቱ ተጀመረ። ክፍተቱን የሸፈኑት የሚሲዮን ሐኪሞችና ከውጭ የመጡ የቀይ መስቀል አምቡላንሶች ናቸው፤ ወታደር አልነበሩም።

መስቀሉ ግን ከቦምብ አላዳነም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ ስትደበደብ የአድቬንቲስት ሚሲዮን ሆስፒታል ተመታ። ታኅሣሥ 20 ቀን ደግሞ መልካ ዲዳ ላይ፣ ከራስ ደስታ ጦር ጋር የነበረው የስዊድን አምቡላንስ ተደበደበ፤ መሪው ዶክተር ሂላንደር ቆሰሉ። ስህተት ነው የሚሉኝን አልሰማም፤ ምልክቱ ድንኳኑ ላይ ነበር።

አያቴ ስንት ቁስለኛ እንዳሰረች አልቆጠረችም። ነጠላዎቿን ግን ቆጥራቸዋለች፤ አራት።