የመሬት ውል በአዊ ዞን፦ ከቃል ስምምነት እስከ ፍርድ ቤት

እንጅባራ፦ በዳንግላ፣ በባንጃም ሆነ በፋግታ ለኮማ የክረምቱ እርሻ ከመድረሱ በፊት ብዙ መሬት ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። በሬ የሌላት እናት ማሳዋን ለጎረቤት በእኩል ትሰጣለች፤ ጉልበት የከዳው አዛውንት ለዘመድ ያከራያል፤ ገንዘብ የቸገረው ጎልማሳ ደግሞ መሬቱን አስይዞ ይበደራል። አብዛኛው ስምምነት የሚታሰረው በቃል ነው። ሁለት ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ጠላ ይቀርባል፣ “እግዜር ይወቀው” ተብሎ ይለያያሉ። ዓመታት ሲያልፉ ግን ሽማግሌው ይሞታል፣ የመሬት ዋጋ ይጨምራል፣ ልጆች ይደርሳሉ። ያን ጊዜ “አከራየሁህ” እና “ሰጠሽኝ” የሚሉ ሁለት ቃላት አንድ ማሳ ላይ ይጋጠማሉ።

አበው “በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል” ይላሉ። በገጠር መሬት ጉዳይ ይህ አባባል ከምክርነት አልፎ የሕግ መሠረት አለው። ይህ ጽሑፍ አንድ ባለይዞታ መሬቱን ለሌላ ሰው ከማስተላለፉ በፊትና ክርክር ከተነሣ በኋላ ሊያውቃቸው የሚገቡ ዋና ዋና ነጥቦችን ያብራራል።

ባለይዞታ እና ባለቤት

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 31/1967 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደንግጓል። ያው አንቀጽ አርሶ አደሩ መሬት በነጻ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት እንዳለው ይገልጻል። አርሶ አደሩ በመሬቱ ላይ ባፈራው ሀብት፣ ማለትም በቤቱ፣ በዛፉና በሰብሉ ላይ ግን ሙሉ መብት አለው።

የዕለት ተዕለቱ አሠራር የሚመራው በገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ሕጎች ነው። በፌዴራል ደረጃ አዋጅ ቁጥር 456/1997 ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት ቆይቶ በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 ተተክቷል። በአማራ ክልል ደግሞ አዋጅ ቁጥር 133/1998 በአዋጅ ቁጥር 252/2009 ተሻሽሏል። እነዚህ ሕጎች ባለይዞታው መሬቱን እንዲያከራይ፣ እንዲያወርስ፣ በስጦታ እንዲያስተላልፍና የመጠቀም መብቱን በብድር ዋስትና እንዲያሲዝ፣ በየራሳቸው ቅድመ ሁኔታ ይፈቅዳሉ። መሸጥን ግን አይፈቅዱም። የአብዛኛው ክርክር ምንጭም እዚህ ላይ ነው፤ የተከለከለው ሽያጭ ብዙ ጊዜ የተፈቀደ ውል ስም ለብሶ ይመጣል።

ደብተሩ ምን ያረጋግጣል?

በአማራ ክልል የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መስጠት የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው ደረጃ ደብተር የባለይዞታውን ስም፣ የማሳውን ግምታዊ ስፋትና አዋሳኞቹን በቃል ይገልጻል። ሁለተኛው ደረጃ በልኬትና በካርታ የተደገፈ ነው። ልዩነቱ በክርክር ጊዜ ይታያል። “በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ ወንዝ” የሚል ደብተር እገሌ ሲሞት ወይም ወንዙ አቅጣጫ ሲቀይር ለሙግት ክፍት ይሆናል፤ ካርታ ያለው ደብተር ግን ድንበሩ በየት በኩል እንደሚያልፍ ያሳያል።

በባልና ሚስት የጋራ ይዞታ ላይ ደብተሩ የሁለቱንም ስምና ፎቶግራፍ ይይዛል። ስለዚህ ባል ብቻውን ወይም ሚስት ብቻዋን የጋራ መሬትን ለረጅም ዘመን የሚያስተላልፍ ውል ቢፈራረሙ ያልፈረመው ወገን ውሉን ሊቃወም ይችላል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 35 ሴቶች መሬትን በመጠቀም፣ በማስተላለፍና በማስተዳደር ረገድ ከወንዶች እኩል መብት እንዳላቸው ያረጋግጣል።

አራቱ የተለመዱ ውሎች

የመጀመሪያው የእኩል ወይም የሲሶ እርሻ ነው። ባለመሬት መሬቱን፣ አራሹ ጉልበቱንና በሬውን ያወጣል፤ ምርቱን ይካፈላሉ። ጠቡ የሚነሣው ብዙውን ጊዜ በእህሉ ላይ ሳይሆን በዙሪያው ባለው ነገር ነው። ማዳበሪያውንና ምርጥ ዘሩን ማን ይገዛል? ገለባው የማን ነው? የመሬት ግብሩን ማን ይከፍላል? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች አስቀድመው ካልተመለሱ አውድማው ላይ መነሣታቸው አይቀርም።

ሁለተኛው በጥሬ ገንዘብ የሚደረግ ኪራይ፣ በተለምዶ “ኮንትራት” የሚባለው ነው። ሕጉ ለኪራይ ዘመን ጣሪያ አስቀምጦለታል። ማብቂያው ያልተገለጸ ወይም “ገንዘቡን እስክመልስ” የሚል ውል ለባለይዞታው ትልቅ አደጋ አለው።

ሦስተኛው ወለድ አገድ ነው። ተበዳሪ ገንዘብ ወስዶ መሬቱን ለአበዳሪ ይለቅቃል፤ አበዳሪው ዋናው ገንዘብ እስኪመለስለት ድረስ ምርቱን በወለድ ፋንታ ይበላል። ተበዳሪው ከመሬቱ ምርት ስለማያገኝ ዕዳውን የሚከፍልበት አቅም ከዓመት ወደ ዓመት ይቀንሳል፤ መሬቱም ሳይሸጥ እንደተሸጠ ይቀራል። ከዚህ የተለየው መደበኛ መንገድ የመጠቀም መብትን ለገንዘብ ተቋም በዋስትና ማስያዝ ነው። በዚህ ጊዜ የሚያዘው መሬቱ ሳይሆን ለተወሰነ ዘመን የመጠቀም መብቱ ብቻ ነው። ብድሩ ባይከፈል አበዳሪው በመሬቱ የሚጠቀመው ለዚያ ዘመን ሲሆን፣ ዘመኑ ሲያልቅ መሬቱ ወደ ባለይዞታው ይመለሳል።

አራተኛው ስውር ሽያጭ ነው። ገንዘብ ይከፈላል፣ ወረቀቱ ላይ ግን “ስጦታ” ወይም “ኪራይ” ተብሎ ይጻፋል። ይህ ውል ሁለቱንም ወገን ያለ ከለላ ያስቀራል። ሻጩ መሬቱን ያጣል፤ ገዢው ደግሞ ፍርድ ቤት ቢቀርብ “ገዝቻለሁ” ብሎ ሊከራከር አይችልም፤ ምክንያቱም የሚከራከርበት ነገር ሕገ ወጥ ነው።

የሚጸና ውል እንዴት ይጻፋል?

እስካሁን የሚሠራበት የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1727 በጽሑፍ መሆን ያለበት ውል በተዋዋዮቹና በሁለት ምስክሮች መፈረም እንዳለበት ይደነግጋል። ለገጠሩ ኅብረተሰብ ይበልጥ ጠቃሚው ቁጥር 1728 ነው። በዚህ ድንጋጌ መሠረት ማንበብና መጻፍ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ያኖረው ምልክት ወይም የጣት አሻራ የሚያስገድደው ሥልጣን ባለው የውል አዋዋይ፣ መዝጋቢ ወይም ዳኛ ፊት ሲረጋገጥ ነው። በጎረቤት ቤት ተጽፎ አሻራ የተደረገበት ወረቀት በዚህ ምክንያት ዋጋ ሊያጣ ይችላል። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድርም በቁጥር 2472 መሠረት በምስክር ቃል ብቻ አይረጋገጥም።

በአዊ ብሔረሰብ ዞን ሌላም ሊታሰብበት የሚገባ ነገር አለ። ውሉ በአማርኛ ተጽፎ ተዋዋዩ አፉን የፈታው በአዊኛ ከሆነ፣ ከመፈረሙ በፊት በሚገባው ቋንቋ ተነብቦ ሊተረጎምለት ይገባል። በወንጀል የተከሰሰ ሰውም ችሎቱ በማይገባው ቋንቋ የሚካሄድ ከሆነ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የማግኘት መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ተረጋግጦለታል።

ውሉ ከተጻፈ በኋላ በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት መመዝገብ አለበት። ምዝገባው አንድ ማሳ ለሁለት ሰው እንዳይከራይ ይከላከላል፤ የኪራዩ ዘመን መቼ እንደሚያበቃም በመንግሥት መዝገብ ያኖራል።

የዲከረንስ ማሳና የውል ጥያቄ

በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ዲከረንስ የተባለው የግራር ዝርያ የእርሻውን መልክ ቀይሮታል። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙ ከጤፍ ጋር ይተከላል፤ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ባለው ጊዜ ደርሶ ለከሰል ይቆረጣል፤ ከዚያ ማሳው እንደገና ይታረሳል። እንዲህ ያለ ምርት የአንድ ዓመት ኪራይ አይበቃውም። ስለሆነም ውሉ ዛፉ በማን እንደተተከለ፣ ተቆርጦ የሚነሣበትን ቀንና መሬቱ በምን ሁኔታ እንደሚመለስ መግለጽ ይኖርበታል። ቀን ካልተቆረጠ ተከራዩ “ዛፌ አልደረሰም” እያለ ዘመኑን ሊያራዝም፣ አከራዩም “ዘመኑ አልቋል” ብሎ ያልደረሰ ዛፍ ሊቆርጥ ይችላል።

በቅርብ ዓመታት በዛፉ ላይ የተከሰተው የዋግ በሽታ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አስነሥቷል፤ ዛፉ ቢደርቅ ኪሳራው የማን ነው? የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1792 ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል የሚለው አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችልና ግዴታን መፈጸም ፈጽሞ የሚከለክል ነገር ሲደርስ ነው። ሥራውን ያከበደ ወይም ትርፉን ያሳነሰ ነገር ብቻውን አይበቃም። የከሰል ዋጋ ወረደ ብሎ ኪራይ መከልከል አይቻልም ማለት ነው። በሽታው አሁን በአካባቢው የታወቀ በመሆኑም “አላሰብኩትም” የሚለው መከራከሪያ እየደከመ ይሄዳል። የሚሻለው የኪሳራ አከፋፈሉን በውሉ ላይ መጻፍ ነው። ከፋብሪካ ወይም ከላኪ ድርጅት ጋር ለሚደረግ የምርት ስምምነትም ራሱን የቻለ ሕግ፣ የግብርና ምርት ውል አዋጅ ቁጥር 1289/2015 ወጥቷል።

ድንበር ሲገፋ

ጎረቤት ድንበር ቢገፋ ወይም ተከራይ አልለቅም ቢል የመጀመሪያው መንገድ “ሁከት ይወገድልኝ” የሚለው ክስ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1149 ይዞታው የተነጠቀ ወይም የታወከበት ሰው ይዞታው እንዲመለስለትና ሁከቱ እንዲቆም እንዲጠይቅ ይፈቅድለታል። ነገር ግን ክሱ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። “ዘመድ ነው፣ ነገ ይተወዋል” እየተባለ ጊዜው ሲያልፍ ይህ ቀላል መንገድ ይዘጋል። መክሰሻ ገንዘብ የሌለው ሰው በ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት ድህነቱን አረጋግጦ የዳኝነት ክፍያ ሳይከፍል እንዲከስ ሊጠይቅ ይችላል።

የመሬት ሕጎች ክርክሮች አስቀድመው በስምምነትና በሽምግልና እንዲታዩ ያበረታታሉ። ሽምግልናው ካልሠመረ ጉዳዩ ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት፣ ይግባኝ ሲኖር ደግሞ እንጅባራ ወደሚገኘው የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይሄዳል። የሽማግሌዎች ስምምነትም በቃል እንዳይቀር በጽሑፍ መስፈርና መፈረም ይገባዋል።

ደም ከፈሰሰ በኋላ

በመሬት የተጀመረ ጠብ በዱላ ወይም በጥይት ሲያልቅ ጉዳዩ ከሁለት ቤተሰብ እጅ ይወጣል። በ1997 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 540 ተራ የሰው ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ በአንቀጽ 539 ሥር የሚወድቅ ከባድ ግድያ ደግሞ እስከ ሞት የሚደርስ ቅጣት አለው። ሽማግሌዎች የሟችንና የገዳይን ወገን አስታርቀው ካሳ ቢያስከፍሉ የዐቃቤ ሕግ ክስ አይቋረጥም። እርቁ ግን ከንቱ አይደለም። ደም መመለስን ያስቀራል፤ ጥፋተኛው በእውነት ተጸጽቶ ያደረሰውን ጉዳት ለመካስ መጣሩም በአንቀጽ 82 ቅጣት ማቅለያ ሊሆንለት ይችላል። እርቅ ራሱ ክሱን የሚያስቀረው በግል አቤቱታ ብቻ በሚያስከስሱ ቀላል ወንጀሎች ነው።

ባህላዊው ዳኝነትና መደበኛው ፍርድ ቤት እንዴት ይደጋገፉ የሚለው የአገሪቱ የፍትሕ ማሻሻያ አንድ ዋና ጥያቄ ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲ ከፍርድ ቤት ውጭ ለሚሰጡ መፍትሔዎች በር ከፍቷል። የኦሮሚያ ክልልም በ2013 ዓ.ም. የባህል ፍርድ ቤቶችን በአዋጅ አቋቁሟል።

በአንድ ጥማድ መሬት ምክንያት አንዱ መቃብር፣ ሌላው ማረሚያ ቤት ሲወርድ መሬቱ ጦም ያድራል፤ ሁለት ቤት ልጆችም ያለ አባት ያድጋሉ። ከሚያዝያ በፊት የሚጻፍ አንድ ገጽ ውል፣ ሁለት ምስክርና አንድ ቀን ወደ መሬት ጽሕፈት ቤት መሄድ ከዚህ ሁሉ ይቀላል።