«ልጅነትን መቀበል» ስለሚለው ስያሜ

ስሙ ራሱ ልደትን በሚያወሳው በአዲስ አበባ ልደታ፣ አንድ ሰው ከጋብቻ ውጭ የተወለደን ሕፃን «ልጄ ነው» ብሎ በፈቃዱ ሲያስመዘግብ፣ ድርጊቱ በሕግ «ልጅነትን መቀበል» ይባላል። በሕዝቡ አነጋገር ተቃራኒው «መካድ» ነውና «ማመን» ይጠበቅ ነበር። ሆኖም በችሎት የሚያምነው ተከሳሽ ስለሆነ «መቀበል» መመረጡን እንደግፋለን።

በፕሮፌሰር ረኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ የተረቀቀው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ «የክብር መዝገብ ሹም» የሚል ማዕረግ ሰጠን፤ የመዝገቡን ሥራ ግን ሕጉ ራሱ አቆየው። አገር አቀፉ ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ስያሜው ሹሙን 56 ዓመት ያህል ጠበቀ ማለት ነው።

አዋጅ ቁጥር 760/2004 «ልጅነትን መቀበል»ን «አባትነትን በፍርድ ቤት ከማወቅ» ለይቶታል። ሰውየው ወዶ ሲመጣ ልጅነት፣ በዳኛ ሲወሰንበት አባትነት ይባላል። ሁለቱን በአንድ ቃል የሚያጠቃልል ተርጓሚ ይህን ልዩነት ያጠፋዋል።

የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ደግሞ እናቲቱ እውነት ነው ብላ ካልተቀበለችው የአባቱ ቃል እንደማይጸና ይደነግጋል። ስለዚህ ተቀባዮቹ ሁለት ናቸው። በቅጽ ላይ «የተቀባይ ፊርማ» ብቻ ቢጻፍ የእናቲቱ ፊርማ ሊዘለል፣ ሕፃኑም ያለ አባት ሊቀር ይችላል። «የአባት ቃል» እና «የእናት ስምምነት» ተብሎ እንዲለይ እናሳስባለን።