ከገመድ እስከ ድሮን
የቅየሳ ድሮን፣ ዲጄአይ ፋንተም 4 አርቲኬ
ቻይና፣ እ.ኤ.አ. 2018
ክብደት፦ 1.4 ኪሎ ግራም ገደማ

ይህ ድሮን በ100 ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ በሚያነሳው ፎቶ ላይ እያንዳንዷ ነጥብ መሬት ላይ 3 ሴንቲ ሜትር እንኳ አትሞላም። በአዳማ ዙሪያ ባለ የጤፍ ማሳ ላይ ቢሰማራ የሣሩን ወሰን፣ የጎርፉን ቦይና የግራሩን ጥላ ለይቶ ያሳያል።

ድሮኑ ማሳውን እየተመላለሰ የሚያነሳቸው ፎቶዎች እርስ በርስ ይደራረባሉ። ኮምፒውተር ከዚህ መደራረብ ተነስቶ የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ ያሰላል፤ ውጤቱ ርቀትና ስፋት የሚለካበት የፎቶ ካርታ ነው። ጠንካራ ነፋስ ግን ይፈትነዋል፤ አምራቹ ያስቀመጠው ጣሪያ በሰከንድ 10 ሜትር ነው። ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች በተተከሉባት አዳማ የበረራን ሰዓት መምረጥ ግድ ይላል።

ማሳ ከድሮን በፊትም ይለካ ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 456/1997 የገጠር መሬት በባህላዊም በዘመናዊም መሣሪያ እንዲለካ ደንግጎ ነበር። በመጀመሪያው ዙር የይዞታ ምዝገባ በርካታ ማሳዎች በገመድና በሜትር ተለኩ። በሁለተኛው ዙር ከአውሮፕላንና ከሳተላይት የተነሱ ፎቶዎች ታትመው ማሳው ድረስ ተወሰዱ፤ ድንበሩም ወሰንተኞች ባሉበት በእስክሪብቶ ተሰመረ። ካሜራ ባለይዞታውን አያውቅምና የጎረቤት ምስክርነት የግድ ነበር።

እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2020 ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ከአውሮፓ፣ ከኬንያና ከሩዋንዳ ተቋማት ጋር በ«ኢትስ ፎር ላንድ» ፕሮጀክት ተሳትፏል። ፕሮጀክቱ ድሮንን ጨምሮ የይዞታ ምዝገባን የሚያፋጥኑና ወጪውን የሚቀንሱ መሣሪያዎችን አጥንቷል።