ከጦር ወደ ስንዴ፦ ሻለቃ ዳዊትና የ77ቱ ክፉ ቀን

ዛሬ ረዘም ያለ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ጨነቅ ላይ እንግዳ አጅቦ የሚወጣውን ባለ ጠመንጃ ስካውት ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ድሮ ወታደር የነበሩ አሉ። ጠመንጃው ያው ጠመንጃ ነው፤ ያኔ ምሽግ ይጠብቁበት ነበር፣ ዛሬ ዋልያ ይጠብቁበታል። በእኛ አገር ውትድርና የበቃው ሰው ዕጣው ባብዛኛው ይኸው ነው፦ ጥበቃ፣ እርሻ፣ አለዚያም ጡረታ። ባሕር ተሻግረው ለዓለም ሰላም የቆሙም ነበሩን፤ ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬ በ1954 እና 55 በኮንጎ የተባበሩት መንግሥታትን ጦር አዝዘዋል። እሳቸው ግን ይህን ያደረጉት መለዮአቸውን ሳያወልቁ ነው። የዛሬው ጉዳዬ ከጦሩ ወጥቶ ወደ እህል ጆንያ የዞረ መኮንን ነው።

ሻለቃ ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ ሐረር ጦር አካዳሚ የሠለጠኑ፣ በኋላ ሕግ ያጠኑ ሰው ናቸው። በደርግ ዘመን በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሠሩ፣ ኤርትራንም አስተዳደሩ። በ1975 የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ኮሚሽነር ሆኑ። ይህ መሥሪያ ቤት በ1966 የወሎ ረሃብ ማግስት የተቋቋመ ነው፤ ዝናብ ሲያጥር፣ የእህል ዋጋ ሲንር፣ ገበሬው በሬውን መሸጥ ሲጀምር አስቀድሞ የሚያውቅበት የቅድመ ማስጠንቀቂያ ክፍልም ነበረው። ስለዚህ «አላወቅንም ነበር» የሚለውን ሰበብ እኔ አልቀበልም። ታውቆ ነበር።

በመጋቢት 1976 ኮሚሽኑ ለጋሾችን ሰብስቦ አምስት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ አደጋ ላይ መሆኑን ተናገረ። ፍላጎቱ 900 ሺህ ቶን እህል ነው አለና የጠየቀው ግን 450 ሺህ ብቻ ነበር፤ ከዚያ በላይ ቢመጣ ወደቡና መኪናው አይችለውም በሚል። የውጭ ባለሙያዎች ደግሞ የመንግሥትን ቁጥር ባለማመን 125 ሺህ ይበቃል ብለው ጻፉ። እዚህ ላይ ቆም በሉ። የሚያስፈልገውን ግማሽ ጠየቅን፣ እነርሱ ደግሞ ከጠየቅነው ሩቡን ያህል አመኑን። የቁጥር ክርክር ይመስላል እንጂ ሰው የሚሞትበት ክርክር ነበር።

አገር ቤት ያለው ጆሮም ከዚህ የተሻለ አልነበረም። መስከረም 1977 የአብዮቱ አሥረኛ ዓመትና የኢሠፓ ምሥረታ ነው፤ አዲስ አበባ በቀይ ጨርቅና በመብራት አጊጣለች። ሻለቃው በኋላ እንደጻፉት፣ በዚያ ሰሞን ስለ ረሃብ ማውራት በላይኞቹ ዘንድ ድግስ እንደማበላሸት ይቆጠር ነበር። ጥቅምት ላይ የኮረም ሥዕል በቢቢሲ ሲተላለፍ ነው ዓለም የነቃው። ወዲያው ስንዴው በመርከብና በአውሮፕላን መጣ፤ የኮሚሽነሩም ፊት በየአገሩ ቴሌቪዥን ታየ።

ወታደርነታቸው የጠቀማቸው እዚህ ላይ ይመስለኛል። እርዳታ የስንቅ ሥራ ነው፦ ስንት ኩንታል፣ በስንት መኪና፣ በየትኛው መንገድ፣ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት። ያንን ሒሳብ ወታደር ያውቀዋል። ወታደር ሌላም ነገር ያውቃል፤ ትእዛዝ መቀበል።

እናም እብናት። ከእኛ ከደባርቅና ከዳባት ሩቅ አይደለም፤ ያኔ ሁላችንም አንድ የጎንደር ክፍለ ሀገር ነን። በሚያዝያ 1977 በእብናት መጠለያ የነበረ ከሠላሳ ሺህ በላይ የተራበ ሕዝብ «ወደ አገራችሁ ግቡ፣ እርሻ ደርሷል» ተብሎ በወታደር ተባረረ፤ ጎጆዎቹም ተቃጠሉ። እናቶች የታመመ ልጅ አዝለው፣ ብዙዎቹ የቀናት ጉዞ ጀመሩ። የተባበሩት መንግሥታት ተጠሪ የነበሩት ፊንላንዳዊው ኩርት ያንሰን ቅሬታቸውን እስከ ሊቀመንበር መንግሥቱ ድረስ አደረሱ፤ መልሱ «ስሕተት ነው» የሚል ሆነ፣ ጥፋቱም በአካባቢው ባለሥልጣን ላይ ወደቀ። ኮሚሽኑ ትእዛዙን አልሰጠ ይሆናል። ነገር ግን ለውጭው ዓለም የዚያ መንግሥት የእርዳታ ድምፅ እርሱ ነበር፤ ስድስት መቶ ሺህ ያህል ሰው ከሰሜን ወደ ደቡብና ምዕራብ የተጓዘበትን ሰፈራም ፊት ለፊት ቆሞ የተከላከለው ያው ድምፅ ነው።

ሻለቃ ዳዊት በ1978 መጀመሪያ ለሥራ ወደ አሜሪካ ሄደው በዚያው ቀሩ። በ1981 ስለ ጦርነቱ፣ ስለ ረሃቡና ስለ አብዮቱ በእንግሊዝኛ ትልቅ መጽሐፍ አወጡ። «ለምን ወንበሩ ላይ ሳሉ አልተናገሩም?» የሚል አለ፤ ጥያቄው ትክክል ነው። እኔም እጠይቃለሁ። ያኔ በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ መናገር ምን እንደሚያስከትል ግን በጎንደር ያደገ ሰው አይነገረውም። ከባልደረቦቻቸው ብዙዎቹ አንድ ገጽ እንኳ ሳይጽፉ እንዳለፉም አስታውሳለሁ፤ ቢያንስ ቁጥሩንና ስብሰባውን በእሳቸው ብዕር አግኝተናል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወታቸው በአፍሪካ ነው። በተለያዩ አገሮች በእርዳታና በሰላም ሥራ ቆዩ፤ በናሚቢያ ዋና ከተማ ዊንድሁክ የአፍሪካ የስትራቴጂና የደኅንነት ጥናት ተቋምን መርተዋል፣ ስለ ሽብርና ስለ ቀይ ባሕር ይጽፋሉ። ፖለቲካቸውን የሚወድም የሚጠላም ሞልቷል፤ ያ የዛሬ ጉዳዬ አይደለም።

ለምን ዛሬ አነሣሁት? ነሐሴ 2013 ላይ ጦርነቱ አዲአርቃይን አልፎ ወደ እኛ ሲመጣ ደባርቅ ራሷ በተፈናቃይ ተሞላች። ዳባት አጠገብ ጭና ላይ ሰው በየቤቱ ተገደለ። ቆየት ብሎ እዚያው ዳባት፣ አለምዋጭ ላይ፣ ለኤርትራውያን ስደተኞች መጠለያ ተከፈተ። በ77 እርዳታ ፈላጊ ሆነን የተሰለፍን ሰዎች፣ እንግዳ ተቀባይም ተፈናቃይም ሆንን፤ በአንድ ወረዳ፣ በአንድ ዓመት።

በዚያ ሰሞን በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ያየኋቸው ጡረተኛ ወታደር ነበሩ። ማንም አልሾማቸውም። ደብተርና እስክሪብቶ ይዘው በየክፍሉ እየዞሩ የቤተሰቡን ቁጥር ይጽፋሉ፤ ነፍሰ ጡሯን ለብቻ፣ የሚያጠባ ልጅ ያላትን ለብቻ። አንድ ወጣት መጥቶ «ጋሼ፣ ቁጥሩን ከፍ አርገው ይጻፉት፣ ያለዚያ አይበቃንም» አላቸው። ቀና ብለው አዩትና «ያለውን ነው የምጽፈው። ለግማሹ ይበቃል ካሉ ግን እኔ አልፈርምም» አሉና ወደሚቀጥለው ክፍል ገቡ።