የአባይ መልካና የምፅዋ ነፋስ

ከብቸናና ከሞጣ ጭኖ ወደ ምፅዋ ይወርድ የነበረው ሲራራ ነጋዴ፣ ባሕረ ኤርትራን በዓይኑ ከማየቱ ከብዙ ሳምንታት በፊት፣ ገና በአባይ አፋፍ ላይ ቆሞ ሳለ ለባሕሩ ነፋስ ይታዘዝ ነበር ቢባል ተረት ይመስላል፤ ዳሩ ግን የደጋውን ወንዝ የሚሞላው ዝናምና በየብስ ዳር ያለውን ባሕር የሚገፋው ነፋስ በአንድ የዘመን መንኰራኵር የሚዞሩ ናቸው።

ክረምት ገብቶ የደቡብ ምዕራቡ ነፋስ ርጥበቱን ተሸክሞ ከጮቄ ተራራ ጋር ሲጋጠም፣ ሙጋና ሱሃ ይደፈርሳሉ፣ አባይም መልካውን ዘግቶ ጎጃምን እንደ ደሴት ያስቀራታል። ያን ጊዜ ነጋዴው ከባሶ ገበያ የገዛውን ዝባድና የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅና ሰም ከቤቱ አኑሮ፣ የጋማ ከብቱን በመስክ አሰማርቶ ይቀመጣል፤ ስልቻ ነፍቶ የሚዋኝ ደፋር ባይታጣም፣ ጭነት በድፍረት አይሻገርምና። ከሞጣ ወደ በጌምድር ለሚያልፈው ግን በአፄ ፋሲለደስ ዘመነ መንግሥት (1624–1660 ዓ.ም.) እንደ ተሠራ የሚነገርለት የድንጋይ ድልድይ ነበረ። በጠላት ወረራ ዘመን አንዱ ቅስቱ ተቆርጦ ሰባራ ድልድይ ከተባለ በኋላ፣ መንገደኛው በገመድ ታስሮ፣ ወዲያና ወዲህ በቆሙ ጎበዞች እየተሳበ ገደሉን ሲሻገር ኖረ፤ ወደ ሦስት መቶ ዓመት ያገለገለ ድልድይ በስብራቱ ብቻ መጠራቱ፣ እኔን እንደሚመስለኝ፣ ውለታ ቢስነት ነው።

በዚያው ክረምት ምፅዋ ደረቅ ናት። ከሰሜን ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ የባሕሩን የላይኛውን ሞቃት ውሃ በባብ ኤል መንደብ በኩል ወደ ኤደን ሰላጤ ይገፋዋል፣ ከሥሩም ቀዝቃዛ ውሃ በስውር ይገባል፣ የባሕሩም ገጽ ዝቅ ይላል። በበጋ ግን በደቡቡ እኩሌታ ነፋሱ ከደቡብ ምሥራቅ ስለሚመጣ፣ የላይኛው ውሃ ወደ ውስጥ ተመልሶ ገጹ አንድ ክንድ በማይሞላ መጠን ከፍ ይላል፤ ምፅዋም ዝናሟን የምታገኘው ያን ጊዜ ነው። በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ ወለሉ ቅርብ በመሆኑ የነፋሱ ጉልበት እስከ ታች ይደርሳል፤ በጥልቁ ባሕር ግን ገጹን እንጂ መሠረቱን አይነካም።

ከዚህ የበረታው በሶማሊያ ጠረፍ ይታያል። የክረምቱ ነፋስ ከደቡብ ምዕራብ ጠረፉን ይዞ ሲነፍስ፣ የምድር መዞር ውሃውን ወደ ቀኝ፣ ይኸውም ከየብስ ወደ ጥልቁ ያዘነብለዋል፤ የሸሸውን ለመተካት ከታች ቀዝቃዛ ውሃ ይወጣል፣ ዓሣውንም የሚመግበው እርሱ ነው። ጠረፉን የሚከተለው የባሕር ጅረት እንኳ በክረምት ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ በበጋ ወደ ደቡብ ምዕራብ ፊቱን ይመልሳል።

በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈው የባሕር ነጋዴዎች መምሪያ፣ ከግብጽ ወደ አዱሊስ ለሚሄድ መርከብ የተመቸው ወር መስከረም መሆኑን ያመለክታል። ጎጃሜው ነጋዴ ይህን መጽሐፍ ሳያውቅ፣ የመስቀል ደመራ ከተለኮሰ በኋላ አባይ መጉደሉን እየጠየቀ፣ መልካው ሲገኝ ጭነቱን ያነሣ ነበር፤ ከብዙ ገበያ በኋላ ምፅዋ ሲደርስም የደቡቡ ነፋስ ጀልባዎቹን ወደ ሱዋኪን አቅጣጫ ሲገፋ ያገኘዋል።